አንድ ኢንች ሁልጊዜ አንድ ኤከር አይደለም

ክቡራን እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው፣ በእንግሊዝ ሽሮፕሻየር የምትገኘው የገበያ ከተማ የሉድሎ አሮጌ ካርታ ዳግም ኅትመት ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ካርታዎቹ ላይ የሰፈረው እሱ ነውና።

ከሁሉ በፊት ማስመሪያ አንሡ። የኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ መንግሥት የካርታ ሥራ ድርጅት) ይህን መሰሉ ዝርዝር ካርታ የተሠራው በ1:2500 ነው፤ መሬት ላይ 100 ሜትር የሆነው ወረቀቱ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንዱ ሉህ ግን 38 በ25 ኢንች ስለሆነ ለመሸጥም ለማጠፍም አይመችም። ስለዚህ አሳታሚዎች ያሳንሱታል፤ 1:4340 ድረስ የወረደው ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ያው 100 ሜትር አሁን 2.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መዘዙ የሚመጣው 1:2500 የሚለው የቀድሞ ጽሑፍ ሳይፋቅ አብሮ ሲታተም ነው። እሱን አምኖ የለካ ሰው 100 ሜትሩን ወደ 58 ሜትር አውርዶ ይመዘግባል። የቦታ ስፋት ላይ ደግሞ ይብሳል፦ በዋናው ካርታ አንድ ካሬ ኢንች አንድ ኤከር (የእንግሊዝ የመሬት ስፋት መለኪያ) ያህል ሲሆን፣ በተቀነሰው ሦስት ኤከር ይሆናል። ቁጥሩን ተዉትና ግርጌው ላይ ያለውን የርቀት መስመር ለኩ፤ ካርታው ሲያንስ እሱም አብሮ ያንሳል። መስመሩ ተቆርጦ ከወጣ ዛሬም ቦታቸውን ያልለቀቁ ሁለት ነጥቦች ፈልጉ፤ የቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያንና ብሮድ ጌት ይበቃሉ። በመካከላቸው ያለውን የመሬት ርቀት በአዲስ ካርታ ለክታችሁ፣ አሮጌው ወረቀት ላይ ባለው ርቀት አካፍሉ።

ዓመቱም እንዲሁ ያሳስታል። አንድ ኢንች ለአንድ ማይል የሆኑት የቀድሞ ካርታዎች በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጹ ነበሩ። ባቡር በመጣ ጊዜ ሐዲዱ ብቻ ይጨመርና የድሮው ዓመት እንዳለ ይቀራል። ባቡር ሉድሎ የገባው በ1852 ነው፤ ከዚያ የቀደመ ዓመት የተጻፈበት ካርታ ሐዲድ ካሳየ፣ ሰሌዳው በኋላ ተነክቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ገበያው። ሰፊው የገበያ ጎዳና ድሮ ከቤተ መንግሥቱ በር እስከ ቡል ሪንግ ይዘልቅ ነበር። ካርታው ላይ ግን መሐሉ በሃርፕ ሌንና በቸርች ስትሪት ተሸንሽኗል። ጊዜያዊ መደቦች እየቆዩ ቋሚ ቤት ሆነዋል። መለያቸው ጓሮ ማጣታቸው ነው፤ ብሮድ ስትሪት ያሉት ቤቶች ከኋላቸው ረጃጅም ጠባብ መሬት ሲኖራቸው፣ እነዚህ ግን በአራቱም በኩል መንገድ ወይም ጎረቤት ነው። ከተማዋን ለማንበብ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

በእጅ በተቀቡት ቀደምት የ1:2500 ቅጂዎች ላይ የድንጋይና የጡብ ቤት ቀይ፣ የእንጨት ግራጫ ነበር። ጥቁርና ነጭ ኅትመት ይህን ይደመስሰዋል፤ ስለ ግድግዳው ከእሱ አትደምድሙ።

ራሳችሁ የምታትሙ ከሆነ፣ ከታተመ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው የብሪታንያ መንግሥት ካርታ የቅጂ መብቱ አብቅቷል፤ የወሰዳችሁበትን ምስል ደንብ ግን ለይታችሁ አንብቡ። ስካኑን በ400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ) እና በግራጫ ደረጃ አንሡት። ጥቁርና ነጭ ብቻ ካደረጋችሁት በነጠብጣብ የተሠራው የእግር መንገድ ይበጣጠሳል።

በተቀነሰው ካርታ 0.5 ሚሊ ሜትር የወፈረ የእርሳስ መስመር መሬት ላይ ከ2 ሜትር በላይ ይሸፍናል። የጓሮ ወሰን ሙግት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ማስመሪያውን መልሱ።