በሱሉልታ ፈረሶች መካከል ተወርዋሪ ኮከብ መጠበቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። በዛሬው ዝግጅት እንግዳ የለንም፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ ሜዳ፣ በፈረሶች መካከል ቆሜ ተወርዋሪ ኮከብ ስጠብቅ ያሰብሁትን ብቻዬን ላወጋችሁ ነው።

ሱሉልታን የመረጥሁበት ምክንያት ቀላል ነው። የእንጦጦ ተራራ የአዲስ አበባን መብራት በከፊል ስለሚጋርድ፣ ከተራራው በስተሰሜን ያለው ሜዳ በየዓመቱ በአዳዲስ ግንባታዎች እየተሸራረፈ ቢሆንም፣ ሰሜኑና ሰሜን ምሥራቁ ዛሬም ለዐይን የሚበቃ ጨለማ አለው። የምጠብቃቸውም የሚመጡት በዚያው በኩል ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 ገደማ እጅግ የሚበዙት ተወርዋሪ ኮከቦች፣ ገውዝ ከምንለውና ፈረንጆች ጀሚኒ ከሚሉት ኅብረ ከዋክብት የፈለቁ ይመስላሉ፤ ገውዝ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በሰሜን ምሥራቅ ብቅ ይላል። በሰሜኑ ዓለም እጅግ የሚወራለት የነሐሴው ውርወራ ለእኛ ብዙም አይጠቅመንም፤ እርሱ ሲመጣ ክረምት ስለሆነ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ የሚታየው ደመና ነው።

ተወርዋሪ ኮከብ ኮከብ እንዳልሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አብዛኛው የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል ብናኝ ነው፤ የታኅሣሦቹ በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረሩ ወደ ከባቢ አየራችን ሲገቡ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግለው ያበራሉ። ብናኙን በመንገዱ ላይ በትኖ የሄደው ፋኤቶን የተባለ፣ ስፋቱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የጠፈር ዐለት ሲሆን፣ በ1983 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሳተላይት አማካይነት ተገኘ። ፀሐይን በ1.4 ዓመት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በዙረቱም ከሜርኩሪ ይልቅ ወደ ፀሐይ ይጠጋል፤ ስሙም የወጣለት በዚህ የተነሣ ነው።

በፈረሶች መካከል ቆሜ ይህን ስም ማሰብ ደስ ይለኛል። በግሪኮች አፈ ታሪክ ፋኤቶን የፀሐይ አምላክ ልጅ ነው፤ የአባቱን ሠረገላ አንድ ቀን ልንዳ ብሎ ለምኖ ተፈቀደለት፤ ነገር ግን ፈረሶቹን መግታት አቅቶት ምድርን ሊያቃጥል ሲል በመብረቅ ተመትቶ ወደቀ። ልጁ ያደገውም በኢትዮጵያ ንጉሥ ቤት ነው ይላሉ፤ የሰዎቹ ቆዳ የጠቆረው ያን ቀን ፀሐይ ስለቀረበቻቸው ነው ብለውም ይጨምራሉ። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ዛሬ የምናውቃትን አገር ብቻ ማለታቸው እንዳልነበረ ባውቅም፣ ወሬው ያስቀኛል። ጌታ በፈረሱ ስም በሚጠራበት፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ባለ አገር፣ ፈረሱን መግታት ያቃተው ልጅ ምን ተብሎ ይጠራ ነበር እላለሁ።

ዋናው ጉዳዬ ግን ሰማዩን እንዴት እንደምናይ ነው። ተወርዋሪ ኮከብን በመፈለግ ማግኘት አይቻልም። በእንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከል እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆኑም፤ ቴሌስኮፕ ከሰማይ ጥቂቷን ቁራጭ ብቻ መርጦ ያያልና፣ ብናኙ በየት በኩል እንደሚያልፍ ደግሞ አስቀድሞ የሚነግረን የለም። የእኛም ዐይን ቢሆን ደብዘዝ ያለውን ብርሃን በመሃሉ ሳይሆን በጠርዙ ይበልጥ ይይዛል። ስለዚህ አንዱን ኮከብ መርጦ ማፍጠጥ ትርፉ ድካም ነው።

ይህን የምለማመደው ፈረሶቹን እያየሁ ነው። ፈረስ ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ከግንባሩ ፊትና ከጅራቱ ኋላ ካለች ጠባብ ቦታ በቀር ዙሪያውን ያያል፤ እየጋጠ፣ አንዳንዴም ቆሞ እያንቀላፋ፣ ምንም ሳያሳድድ ይጠብቃል። በእግሮቹ ያለው የጅማት አሠራር ጡንቻውን ሳያደክም ስለሚያቆመው፣ ለመተኛት ሁልጊዜ መጋደም አያስፈልገውም። እኔ ግን አንገቴ ደንዝዞ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ አሁንስ መጣች እያልሁ እጨነቃለሁ። አንድ ምሽት የፈረሶቹን ባለቤት፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ፈረሶች ኮከቡን የሚያዩት ይመስልዎታል?» ብላቸው፣ «እነርሱ የሚጠብቁት ጅብ ነው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጆሯቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር እኔም ሰማዩን ትቼ ወደዚያ እዞራለሁ።

በጅብ ምክንያት ፈረሶቹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሳያልፍ ጋጣ ይገባሉ፤ ገውዝ ግን ወደ አናት የሚወጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት በጨለማ ሰማይ ሥር በሰዓት ከ100 በላይ ሊታይ ይችላል፤ በምሽቱ የሚገኘው ጥቂት ነው። እኔ ግን ምሽቱን እመርጣለሁ። ኅብረ ከዋክብቱ ገና ከአድማስ ሳይርቅ የሚመጡት ብናኞች የከባቢ አየሩን ጫፍ እየታከኩ ስለሚያልፉ፣ የአንዳንዱ ጭረት የሰማዩን ግማሽ ያህል ይሄዳል፤ ሰው ጎረቤቱን ጠርቶ ለማሳየት እንኳ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ጨረቃ የማትወጣበትን ወይም ዘግይታ የምትወጣበትን ዓመት ምረጡ፤ ዐይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ስልካችሁን አትክፈቱ፤ የታኅሣሥ ውርጭ አጥንት ድረስ ስለሚዘልቅ ደራርቡ። ፈረሶች ባሉበት መስክ ለመቆም የባለቤቱን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከኋላቸውም ድምፅ ሳታሰሙ አትጠጉ፤ በርግገው ቢራገጡ ጥፋቱ የእነርሱ አይሆንም።