እናቲቱን ስትተኛ እዩዋት

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ ውሻ እንድናገር መጋበዜን ለባለቤቴ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የሚያስቆምህ ሰው አለ?» አዘጋጆቹ ሰዓት ይዘው ፊት ለፊቴ ስለተቀመጡ እሷም እናንተም አትስጉ።

ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ወፍ ታድናላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም ልጆች አሏችሁ። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ሳልሰማው አውቀዋለሁ። ሁለት ውሻ ለመያዝ ቦታውም ጊዜውም የለም። ቅዳሜ ጥሻ ገብቶ ቆቅ የሚያስነሳ፣ እሑድ ከሕፃን ጋር ምንጣፍ ላይ የሚንከባለል አንድ ውሻ ይገኛል ወይ? ይገኛል። ትንሹ ስፓኒየል ነው። ዝርያውን መምረጥ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ከዝርያው ውስጥ የትኛውን እንደምትወስዱ ማወቅ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በሁለት ውሾች ኪሳራ ነው።

አስቀድመን የስፓኒየልን ሥራ ከሌሎች የወፍ አደን ውሾች ጋር እያነጻጸርን እንይ። ፖይንተር ርቆ ሄዶ ወፏን ሲያሸት እንደ ሐውልት ደርቆ ይቆማል፤ አዳኙ እስኪደርስም ይጠብቃል። ሪትሪቨር ከባለቤቱ ጎን ተቀምጦ ይቆይና ወፏ ስትወድቅ ሄዶ ያመጣል። ስፓኒየል ግን በአዳኙ ፊት ግራና ቀኝ እየተመላለሰ ሣሩን ያስሳል፣ እሾህ ውስጥ ይገባል፣ ወፏን ያስነሳል። እሷ ስትነሳ እሱ ይቀመጣል፤ ተመታ ከወደቀች በኋላም ሲታዘዝ ብቻ ሄዶ ያመጣታል። ይህ ሁሉ በ25 ወይም በ30 ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። የወፍ ጠመንጃ ከ40 ሜትር በኋላ ብዙም አያስተማምንምና፣ ከዚያ ርቆ ወፍ የሚያስነሳ ውሻ የሚያድነው ለራሱ ነው።

ጅራቱን ተመልከቱ። ስፓኒየል በሚያስስበት ጊዜ ሁሉ ጅራቱን ይወዘውዛል፤ የወፍ ጠረን ሲያገኝ ግን ውዝዋዜው ይለወጣል። ይፈጥናል፣ ያጥራል፣ ከወገቡ ጀምሮ ሰውነቱ አብሮ ይርገበገባል። አፍንጫው መሬት ሊነካ ትንሽ ይቀረዋል፤ የሚያሸትበት ድምፅ ከአምስት እርምጃ ይሰማል። በዚያች ቅጽበት ጠመንጃውን ረስቼ ቆሜ የቀረሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ወፎቹ ያመሰግኑኛል።

«ትንሹ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ከትናንሾቹ ስፓኒየሎች አንዱ ኮከር ነው። ኮከር የሚለው ስም የመጣው ዉድኮክ ከምትባል፣ ጥሻ ውስጥ ከምትደበቅ ወፍ ነው። ድሮ በእንግሊዝ ስፓኒየሎች ከአንዲት እናት በአንድ ቀን ቢወለዱም እንኳ በክብደታቸው ይለዩ ነበር፦ ከ25 ፓውንድ፣ ማለትም ከ11 ኪሎ ግራም ገደማ በታች የሆነው ኮከር፣ የከበደው ስፕሪንገር ይባል ነበር። ወንድማማቾችን ሚዛን ይለያቸው ነበር ማለት ነው! ኮከር ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ዛሬ ኮከር ከ13 እስከ 15 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስፕሪንገር ወደ 20 ኪሎ ግራም ይጠጋል፣ ያልፋልም። ልዩነቱ መኪና ውስጥ፣ ጭን ላይ፣ አልጋ ላይም ይታወቃል። (አልጋ ላይ አይወጣም የምትሉ ሁሉ፣ ይወጣል።) በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና የተገኘው ቡናማው ቦይኪን ስፓኒየልም ትንሽነቱ የተወደደለት በዋተሪ ወንዝ ረግረግ በትናንሽ ጀልባ በሚያድኑ ሰዎች ነው፤ ትልቅ ውሻ ሲዘል ጀልባዋ ትገለበጥባቸው ነበር። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1985 የግዛቲቱ ውሻ ብላ ሰይማዋለች።

አሁን ወደ ኪሳራዬ ልመለስ።

የመጀመሪያውን ውሻዬን የገዛሁት ለጆሮው ነው። ሐር የመሰለ ረጅም ጆሮ፣ መሬት የሚጠርግ የእግር ፀጉር ነበረው። ለቁንጅና ውድድር ሲራባ ከኖረ ዘር የመጣ መሆኑን ያወቅኩት ከገዛሁት በኋላ ነው። ደግ ውሻ ነበር፤ ልጆቼ ኮፍያ እያደረጉለት ፎቶ ያነሱት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ጥሻ አስገባሁት። ግማሽ ሰዓት ሠራ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ሰዓት እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ በመቀስ ጭጎጎት ስለቅም ዋልኩ፤ እሱ እጄን ይልሳል። ከዚያ ወዲህ ወደ አደን ስሄድ ትቼው እሄድ ነበር፤ ቅር ያለውም አልመሰለኝም።

በሁለተኛው ውሻ ሌላውን ጥግ ያዝኩ። እናቱም አባቱም የአደን ውሾችን የመስክ ውድድር ያሸነፉ ነበሩ። ሻጩ እናቱን ሜዳ ላይ ስትሠራ አሳየኝ፤ መብረቅ ነበረች። ከሥራ በኋላ ምን እንደምትመስል አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ውሻዬ መስክ ላይ ተአምር ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን መቆም የሚባል ነገር አያውቅም። ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ይመላለሳል። የሶፋውን ክንድ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዘነጣጠለው። ታናሿ ልጄ ኳስ ይዛ ካየ እስክትተኛ ድረስ ይከተላታል። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። በየቀኑ የሚያሠራው ሰው ቢኖረው ኖሮ ከእሱ የተሻለ ውሻ አይገኝም ነበር፤ እኔ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም በወቅቱ ብቻ የማድን የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። በመጨረሻ በየቀኑ ለሚያሠራው ሰው ሰጠሁት። የሄደ ቀን ከሁላችን በላይ ያለቀሰችው ያቺው ኳሷን የተቀማች ልጄ ናት።

እንግዲህ ልብ በሉ። አዳኝ ውሻ በዓመት ውስጥ የሚያድንባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ የቀሩትን ቀናት የሚያሳልፈው ከእናንተ ጋር ነው። ስለዚህ ከሥራ ዘር ውሰዱ፤ ፀጉሩ አጠር ያለ፣ አፍንጫው የሚሠራ፣ እሾህ የማይፈራ ይሁን። ነገር ግን ሥራ መጀመርን ብቻ ሳይሆን ማቆምንም የሚያውቅ ይሁን። ይህን ደግሞ የስምንት ሳምንት ቡችላ ላይ ማየት አትችሉም። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለው ተረት ለትዳር ይሥራ አይሥራ አከራካሪ ነው፤ ለውሻ ግን ይሠራል። እናቲቱን ስትሠራ እዩዋት፤ ከዚያ ተቀምጣችሁ ስትተኛ እዩዋት። አርቢው ቤት ውስጥ ከሰው ጋር አብራ የማትኖር ከሆነም ምክንያቱን ጠይቁ።

ሌላው መጠየቅ ያለባችሁ ወረቀት ነው፤ የዋንጫ ወረቀት አይደለም፣ የምርመራ። ኮከር ውስጥ ቀስ በቀስ ዓይን የሚያሳውር የዘር በሽታ አለ። ወላጆቹ ራሳቸው ሳይታመሙ ሊያስተላልፉት ይችላሉ፤ ሁለት ተሸካሚዎች ከተገናኙ እያንዳንዱ ቡችላ ከአራት አንድ የመታመም ዕድል ይኖረዋል። ሌላው ውሻውን በወጣትነቱ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ኩላሊቱን የሚያሳጣ በሽታ ነው። ሁለቱም በዘረመል ምርመራ ይታወቃሉ። ቦይኪን የምትፈልጉ የዳሌ መገጣጠሚያውን ጉዳይ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ከብርቱ ሩጫ በኋላ ጉልበት አጥቶ የሚወድቅበት የዘር ሕመምም አለና የእሱም ውጤት ይኑር። «ውሾቼ ጤነኞች ናቸው፣ ምርመራ አያስፈልጋቸውም» የሚል አርቢ ካጋጠማችሁ በትህትና ተሰናብታችሁ ውጡ።

ቡችላው ቤት ሲገባ አደኑ የሚጀምረው ከካልሲ ነው። አልቀልድም። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ የልጃችሁን ካልሲ በአፉ ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ጅራቱን እየወዘወዘ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ይጮኽበታል፣ አሳድዶ ይነጥቀዋል። ቡችላውም ከሁለት አንዱን ይማራል፦ የያዘውን ይዞ መሸሽ ወይም ጨርሶ አለማንሳት። ከዓመት በኋላ ወፏን ይዞ ዙሪያችሁን ሲዞር ጥፋቱን እሱ ላይ ታላክካላችሁ። ካልሲ ይዞ ሲመጣ በርከክ በሉ፣ ጥሩት፣ ደረቱን እያሻሻችሁ ጥቂት ያዙት፤ ከዚያ በቀስታ ተቀበሉት። ካልሲውን ማጠብ ይቻላል። ልጆቻችሁንም ይህንኑ አስተምሩ፤ ገመድ እየጎተቱ መታገል ግን ይቅርባቸው፤ ወፍ ሳይጨፈልቅ የሚያመጣ ለስላሳ አፍ እንፈልጋለን።

ተኩስን በተመለከተ አጭር ልሁን፤ ያለፈውን ስህተቴን ማውራት ያሳፍረኛልና። ቡችላን «ይልመድ» ብሎ ተኩስ ሜዳ መውሰድ ውሻ ማበላሸት ነው። ድምፁ ከሩቅ፣ በትንሹ፣ ደስ የሚለውን ነገር ሲያደርግ ይጀምር፤ በሳምንታት ውስጥ ይቅረብ። አንዴ የደነገጠን ውሻ መመለስ ከባድ ነው፤ አንዳንዱም አይመለስም።

ጆሮም አለ። ረጅም ጆሮ አየር አያስገባም፤ ከዋኘ በኋላ ካላደረቃችሁት ይሸታል፣ ይቆስላል። ከእያንዳንዱ አደን በኋላ ጆሮውን ገልጣችሁ እዩ፣ በጣቶቹ መካከልም ዳብሱ። ስለት ያለው የደረቀ የሣር ፍሬ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ተመልሶ አይወጣም። ውሻው ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ እየነቀነቀ ካያችሁት ነገ አትበሉ፤ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ሦስተኛዋ ውሻዬ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷን ለመግዛት በሄድኩ ጊዜ አርቢዋ ቡችሎቹን ከማሳየቷ በፊት እናታቸውን ይዛ ወጣች፤ አጭር ፀጉር ያላት፣ አንድ ጆሮዋ እሾህ የቀደደው፣ ለፎቶ የማትሆን ጥቁር ኮከር ናት። አርቢዋ ረጅም ሣር ውስጥ ኳስ ደበቀችና ፊሽካ ነፋች። እናቲቱ ሣሩን በአፍንጫዋ አረሰችው፤ ጅራቷ ሲፈጥን አየሁ፤ ኳሱን አምጥታ አርቢዋ እጅ ላይ አስቀመጠች። ቤት ገባን። እናቲቱ ምንጣፏ ላይ ሁለት ጊዜ ዞራ ተኛች። አንድ ሕፃን በላይዋ ተራምዶ አለፈ፤ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችውና መልሳ ጨፈነች። ብዙም ሳትቆይ ማንኮራፋት ጀመረች።

እኔ ቡችላዬን የመረጥኩት ያኔ ነው፤ ቡችሎቹን ገና ሳላይ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ፣ ሰዓት የያዙት ሰዎች ከፈቀዱ፣ ዝግጁ ነኝ።