አንድ ኮድ ለሁሉም ስልክ፦ ቋንቋ ከመምረጣችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ!

"ለአይፎንም ለአንድሮይድም የሚሆን አፕ ለመሥራት የትኛውን ቋንቋ ልማር?" የሚል ጥያቄ በየቦታው ይገጥመኛል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አንድ ስም ነው፤ ፍላተርም በሉት ሪአክት ኔቲቭ (ሁለቱም አንድ ኮድ ጽፎ ለሁለቱም ስልክ አፕ መሥሪያ ናቸው)፣ ይዞት ይሄዳል። እኔ ግን ከስሙ በፊት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከአፓችሁ ውስጥ በጣም የሚያስቸግረውን ገጽ ብቻ ውሰዱና በአማርኛ ሥሩት፤ ከዚያ ደንበኞቻችሁ በሚይዙት ርካሽ ስልክ ላይ ጫኑና እዩት። ምርጫው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

"አንዴ ጻፍ፣ የትም ይሠራል" የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ የጃቫን ቋንቋ በ1995 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሲያወጣ ይህንኑ ነበር ያለው። ከጀርባ በሚሠራው ኮምፒውተር፣ በሰርቨር ላይ ቃሉ ሠርቷል። ጣጣው የሚመጣው ሰው የሚያየውና የሚነካው ነገር ላይ ነው።

የቀን አቆጣጠራችንን እንይ። የአፕል ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስቡ) የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለሚያውቅ በአፕል ቋንቋ በስዊፍት የሚጽፍ ሰው ተገላገለ። ጃቫስክሪፕት በብሮውዘር ውስጥ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ያሳያችኋል፤ የተለመደው "ዴት" የሚባለው የቀን መሣሪያው ግን የ13 ወሩን ስሌት አይሠራላችሁም። በማይክሮሶፍቱ ዶትኔት ውስጥ የዕብራይስጡም የፋርሱም አቆጣጠር አለ፣ የእኛ የለም። የፍላተር ቋንቋ ዳርትም ከራሱ ጋር ይዞት አይመጣም። ይህ ለጌም ምንም ላይሆን ይችላል። የብድር ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ አፕ ከሆነ ግን በአንድ ቀን ስህተት ሰው ያለጥፋቱ ይቀጣል፣ ይሄ ደግሞ በፍጹም መሆን የሌለበት ነገር ነው።

ሌላው ፊደሉ ነው። ሪአክት ኔቲቭ ጽሑፍ የሚያሳየው በስልኩ በራሱ መሣሪያ ነው። ፍላተር ስክሪኑን ራሱ ይስላል፤ ለዚህም ነው በየስልኩ አንድ ዓይነት መልክ የሚሰጣችሁ፣ እኔም በጣም የምወድለት ይህንን ነው። ዌብ ላይ ግን የአማርኛ ፎንት አብራችሁ ካላሸጋችሁለት ከኢንተርኔት ሊያወርድ ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍም ተጠቃሚው ባዶ ሳጥኖች ላይ ያፈጣል። ፎንቱን አብራችሁ አሽጉ፣ አለቀ።

ሰውስ? የፋይል ማስቀመጫ ኩባንያው ድሮፕቦክስ ለአይፎንና ለአንድሮይድ የጋራ ኮድ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ከ2013 ጀምሮ ሲጽፍ ቆይቶ ተወው። በ2019 ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ መሣሪያውን ሁሉ ራሱ መሥራት እንደነበረበትና በዚያ ቋንቋ የሞባይል አፕ የሚሠራ ባለሙያ ማግኘት እንደከበደው ተናገረ። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ኩባንያ ሰው ካጣ፣ ሦስት ሆናችሁ የምትጀምሩት እናንተ "ነገ አንዳችን ብንወጣ ይህን ኮድ ማን ይረከባል?" ብላችሁ መጠየቅ ግድ ይላችኋል።

በነገራችን ላይ፣ ቋንቋው ምንም ይሁን ምን የአይፎን አፕ ለመገንባት ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፣ የተከራያችሁትም ቢሆን። በጀታችሁ ውስጥ ከአሁኑ አስገቡት።

እሺ፣ ስም ካላችሁኝ። ጃቫስክሪፕትና ሪአክት የምታውቁ ከሆነ ሪአክት ኔቲቭ ያዋጣችኋል። ከዜሮ የምትጀምሩና የራሳችሁ ዲዛይን ያላችሁ ፍላተርን ያዙ። በኮትሊን የተጻፈ የአንድሮይድ አፕ ያላችሁ ግን ሁሉንም ጥላችሁ እንደ አዲስ አትጀምሩ፤ ኮትሊን መልቲፕላትፎርም (የኮትሊንን ኮድ ለአይፎንም የሚያካፍለው) ከ2023 ጀምሮ ለሥራ ዝግጁ ተብሏልና የወለድና የቀን ስሌቱን አንዴ ጽፋችሁ ለሁለቱም ስልክ ተጠቀሙበት፣ ስክሪኑን ለየብቻው ተዉት።

የትኛውንም ብትመርጡ የቀን ስሌቱን ከስክሪኑ ኮድ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ቴስትም ጻፉለት። ጳጉሜን 6 በእኛ 2015 ነበረች፣ በ2019 ትመለሳለች። መጀመሪያ በእሷ ፈትኑት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ማይኩን ያዙ።