መጀመሪያ ማውረድ፣ ከዚያ ማንሳት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ሞተር ትርኢት፣ ማለትም በሞተር ሳይክል ጎማ ስለማንሳትና ስለመሳሰለው፣ ብዙ ሰው ደውሎልን የአየር ሰዓቱ አልበቃንም። ከጥያቄዎቹ አራቱን እዚህ እመልሳለሁ።

ከደሴ፣ አራዳ፦ «ያለኝ ቦክሰር የሚባለው ሞተር ሳይክል ነው። ኮምቦልቻ ወርጄ ስሞክር የፊት ጎማው ይነሳል። ደሴ ላይ ግን ምን ብታገል እምቢ ይለኛል። ሞተሩ ታሞ ነው ወይስ ነዳጅ ልጨምር?»

አብሽር ወንድሜ፣ ሞተርህ ደህና ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ ሳሳ ብሎ ቤንዚኑን አይቀንስልህም፤ ስለዚህ ሞተሩ ይታፈናል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል።

ነዳጅ መጨመር ብቻውን ግን መላ አይሆንም። እንዲህ ያለውን ትንሽ ሞተር የሚያነሳው ፍሪሲዮን፣ በግራ እጅ የሚሳበው፣ ነው። በአንደኛ ማርሽ፣ ሰው በሶምሶማ በሚሮጥበት ፍጥነት ሂድ። ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት ሳብ አድርግና ነዳጅ ስጥ። ድምፁ ከፍ ሲል ፍሪሲዮኑን ቶሎ ልቀቀው። መሪውን በክንድህ አትጎትት፤ ጎትተህ ያነሳኸው ጎማ ተጣሞ ነው የሚያርፈው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ፦ ቀኝ እግርህ የት ነው? ጎማ የሚያነሱ ልጆችን ሳይ መጀመሪያ የማየው ጫማቸውን ነው። አብዛኞቹ በተረከዛቸው ቆመው የእግራቸው ጣት ወደ ውጭ ዞሯል፤ በቀኝ እግር የሚረገጠው የኋላ ፍሬን ብቻውን ቀርቷል። የኋላ ፍሬን ነካ ስታደርግ ወደ ላይ የሄደው ፊት ወዲያው ይመለሳል። ሞተሩ ሚዛኑን አልፎ በጀርባህ ሊጥልህ ሲልም የሚደርስልህ እሱ ነው። ስለዚህ ጎማው ስንዝር ያህል ሲነሳ ፍሬኑን ንካ። ባያስፈልግህም ንካ። እግርህ ሳታስበው እስኪሄድ ድረስ ከስንዝር አትለፍ። ፍሪሲዮን ስበህ ማውረድ ግን ይቅርብህ። ዱብ ይላል፤ ምቱን የሚውጠው የፊት ሾክም አይችለውም።

ከወልድያ፦ «መንዳት እችላለሁ፣ ትርኢት ግን ሞክሬ አላውቅም። ሴት ነኝ፤ ጉልበት ይጠይቃል?»

ጉልበት አይጠይቅም እህቴ። ከዝግታ ጀምሪ። ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ጀሪካን አራርቀሽ አስቀምጪና እግርሽን መሬት ሳታስነኪ በመካከላቸው የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራሽ ዙሪ። ፍሪሲዮኑ ግማሽ ላይ ይሁን፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ ያዥው። የፊት ፍሬኑን መሪው ዞሮ ሳለ አትንኪው፤ የሚጥልሽ እሱ ነው። ጀሪካኑን ሳይሆን ቀጥሎ የምትሄጂበትን እዪ። ሲቀልልሽ ጀሪካኖቹን አቀራርቢ። በነገራችን ላይ፣ አስፋልት ላይ ጎማ አንስተው ከሚያልፉት ጎረምሶች ስንቱ ይህን እንደሚችል እንጃ።

ከሐይቅ፦ «የፊት ፍሬን ይዤ የኋላውን ጎማ ማንሳት እፈልጋለሁ። ስይዘው ይንሸራተታል።»

በአንዴ ጨምቀኸው ነው። መጀመሪያ ለስለስ አድርገህ ያዝ፤ የፊት ሾኩ ይውረድ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይምጣ። ያኔ ጎማው አስፋልቱን ይጨብጣል፣ ከዚያ ጨምር። አሸዋ ባለበት አትሞክረው። የፊት ፍሬንህ ዲስክ ካልሆነም ለጊዜው ተወው።

ከኮምቦልቻ አንዲት እናት፦ «ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሐረጎ፣ ከደሴ ወደ እኛ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው የሚለማመደው። ብከለክለው ተደብቆ ይሄዳል። ምን ይሻለኛል?»

እማማ፣ ሐረጎን በግልጽ ይከልክሉት። እዚያ ቁልቁለቱን የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑ ግሎ ሊሆን ይችላል፤ ኩርባው ላይ ድንገት ልጅ ቢያይ የሚያቆምበት ቦታ የለውም። ሕጉም ቢሆን የሕዝብ መንገድ ላይ ትርኢት አይፈቅድም። ሞተሩን በሙሉ ከከለከሉት ግን እንዳሉት ተደብቆ ይሄዳል። ይልቅ መኪና የማይገባበት ሜዳ ይፈልግ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ። ብቻውን አይለማመድ፤ አንድ ሰው ስልክ ይዞ ዳር ይቁም። ጓንት፣ ወፍራም ጃኬት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያድርግ። በነጠላ ጫማ ከወጣ ቁልፉን ይቀበሉት።

ማታ ደግሞ ሄልሜቱን አምጣ ይበሉት። ወድቆበት በደንብ ተመትቶ ከሆነ፣ ውጪው ስንጥቅ ባይኖረውም፣ ግጭቱን የሚውጠው የውስጡ ፎም አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም። ሌላ ይግዛ።