የነፃ ሕዝብ ወርቅ፦ በጎንደር በኅዳር 18 መታሰቢያ ለምእመናን ጉባኤ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤው አባላት፣ የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንኳን እግዚአብሔር ለዚህ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገብተው ሕዝቡ በእልልታ ሲቀበላቸው፣ የእኛ ጎንደር ገና በጠላት እጅ ነበረች። ጄኔራል ናሲ የቀረውን የኢጣልያ ጦር ይዞ በከተማዋና ወደ እርሷ በሚያስገቡት በሮች ላይ መሽጎ ክረምቱን አሳለፈ፤ አባቶቻችንም የሌላው አገር ደስታ በወሬ እየደረሳቸው ከ6 ወር በላይ ጠበቁ። የበጌምድር አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው የቁልቋል በርን ምሽግ ያስለቀቁት ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጎንደር ነፃ የወጣችው ከስድስት ቀን በኋላ ኅዳር 18 ቀን ነው። ኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል በዓል መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ ዕለት መልአኩ እስራኤልን ከግብፅ ባርነት መርቶ ማውጣቱን ታስባለች። በዚያው ቀን በቁልቋል በር የጠላት ምሽግ መውደቁን እኔ በበኩሌ እንደ ተራ ግጥምጥሞሽ አላየውም፤ አባቶቻችንም እንደዚያ እንዳላዩት አምናለሁ።

እንግዲህ የእስራኤል ነገር ከተነሣ፣ ዛሬ ወደምናገርበት ጉዳይ፣ ማለትም ነፃ የወጣ ሕዝብ ገንዘቡን እንዴት ሊይዝ እንደሚገባው ወደሚለው፣ የሚወስደኝ እርሱ ራሱ ነው። ያ ሕዝብ ከግብፅ የወጣው ባዶ እጁን አልነበረም፤ የብርና የወርቅ ዕቃ ይዞ ነው የወጣው። በሲና ተራራ ሥር የጆሯቸውን ጉትቻ አውልቀው ሰጡና ጥጃ ተሠራላቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ሕዝብ ለመገናኛው ድንኳን ወርቁን፣ ብሩንና ናሱን አመጣ። ሕዝቡ አንድ ነው፣ የወርቁም ምንጭ አንድ ነው፣ ነፃ ከወጡም ገና ዓመት አልሞላቸውም። የሰጡት ለምን እንደ ሆነና በማን እጅ እንዳለፈ ነው አንዱን ጣዖት፣ ሌላውን ማደሪያ ያደረገው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 38 ያለውን ስናነብ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናልፈው ክፍል አለ፤ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የገባው ሁሉ በዘመኑ የክብደት መለኪያ፣ በመክሊትና በሰቅል፣ ተቆጥሮ ተጽፏል። ወርቁ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል፣ ብሩ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል፣ ናሱም 70 መክሊት ከ2,400 ሰቅል ነበረ። የቆጠሩት ሌዋውያን ናቸው፤ ኃላፊውም የአሮን ልጅ ኢታምር ነበር። የብሩ 100 መክሊት 100 እግሮች እንደ ሆነ፣ የተረፈው 1,775 ሰቅል ደግሞ ለምሰሶዎቹ ኩላቦች እንደ ዋለ ሳይቀር ይነግረናል። ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የተነጋገረው ሙሴ እንኳ «እመኑኝ» ብሎ አላለፈውም፤ ኩላቡን ሳይቀር ቆጥሮ አስረከበ። ከዚያም በፊት፣ የመጣው ከሚያስፈልገው በላይ በሆነ ጊዜ፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳያመጣ በሰፈሩ ውስጥ አሳወጀ። ሰብስቦ የማይጠግበውን የዘመናችንን ኮሚቴ ሁሉ ይህን አዋጅ ባስነበብሁት እላለሁ።

ሒሳብ የዓለማውያን ነገር ነው፣ ለመንፈሳዊ ቤት አይስማማም የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። ይህ የጎንደር አባቶች አስተሳሰብ አልነበረም። በደብረ ፀሐይ ቁስቋምና በሌሎችም አድባራት የመሬት ስጦታው፣ ሽያጩና ውሉ ይመዘገብ የነበረው በቅዱሳት መጻሕፍቱ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ነው፤ ከምስክሮቹ ስም ጋር። ቃለ እግዚአብሔር በተጻፈበት ብራና ላይ ውላቸውን የጻፉት ብራና አጥሯቸው ብቻ አይመስለኝም። በመጽሐፉ ፊት የማይዋሽ ቃል እንዲሆንላቸው ነው።

ያ ዘመን አልፏል። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ቤተ ክርስቲያን በመሬቷ ትተዳደር ነበር፤ የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ቀረና አገልግሎቱ በምእመናን እጅ ላይ ወደቀ። ደግነቱ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. የሰበካ አስተዳደር ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም መንገዱን አዘጋጅቶ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ካህኑ የሚቀድሰው፣ መብራቱ የሚበራው፣ የአብነት ተማሪው የሚጎርሰው ከጉልት መሬት በሚመጣ ግብር አይደለም። በዚህ የኑሮ ውድነት አንዲት እናት መቀነቷን ፈትታ በምትሰጠው ብር ነው። ያች እናት ከልጆቿ ጉሮሮ ቀንሳ የሰጠችውን ገንዘብ የሚይዝ ሰው ምን ያህል ሊፈራ እንደሚገባው አስቡት።

እኔ ራሴ በቂ ፍርሃት ያልነበረኝ ጊዜ ነበር። ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንድ የጣሪያ እድሳት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ነበር፤ የተሰበሰበውን ባንክ ከማስገባቴ በፊት ለቤቴ ጉዳይ ቸግሮኝ ከእርሱ ላይ አነሣሁ። በሳምንቱ መለስሁት፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም፣ ማንም አላወቀም። ነገር ግን በዚያች ሳምንት ታምሜ ብሞት ኖሮ ያን ገንዘብ የእኔ ንብረት መስሏቸው ልጆቼ ይወርሱት እንደ ነበር ያሰብሁት በኋላ ነው። ንስሐ ገብቼበታለሁ፤ ዛሬም በእናንተ ፊት የምናገረው መልካም ሐሳብ የገንዘብ ደረሰኝን ስፍራ እንደማይተካ ስለማውቅ ነው። ለካስ ከራሴ የሚጠብቀኝ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ለድሆች የተሰበሰበውን ሲልክ ብቻውን ያልያዘው፣ ከቲቶ ጋር ሌሎች ወንድሞችን የላከው፣ ማንም እንዳይነቅፈው እየተጠነቀቀ ነበር። ሐዋርያው ከተጠነቀቀ እኔ ማን ነኝ?

አሁን ደግሞ ስለ ቤታችን ልናገር፤ ነፃነትና ገንዘብ በእውነት የሚገናኙት እዚያ ነውና። በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 5 ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች ቅጥር እየሠሩ ሳለ ጩኸት ተነሣ። ድሆቹ በረሃብ ምክንያት እርሻቸውንና ቤታቸውን አስይዘው ተበድረዋል፣ ልጆቻቸውን ለባርነት እስከ መስጠት ደርሰዋል፤ አበዳሪዎቹም ጠላቶች አልነበሩም፣ የገዛ ወንድሞቻቸው ነበሩ። ነህምያ ተቆጣ፤ ከአሕዛብ እጅ የተቤዠናቸውን ወንድሞቻችንን እናንተ ትሸጣላችሁን ብሎ ወቀሳቸው፣ የወሰዱትንም አስመለሰ፤ እርሱ ራሱ ደግሞ ለሹመቱ የሚገባውን ቀለብ ሳይበላ 12 ዓመት አገለገለ። በእኛም መካከል በአራጣ የሚያበድር ክርስቲያን አለ። የሚጾም፣ የሚያስቀድስ፣ በዛሬውም ቀን አባቶቻችን ስላመጡት ነፃነት እልል የሚል ክርስቲያን። አያቱ በዱር በገደል ተንከራትቶ ነፃ ያወጣውን የጎረቤቱን ቤት እርሱ በወለድ ይወስደዋል። ወንድሜ ሆይ፣ እዚህ ካለህ፣ ይህ ቀን ላንተም የመጣ ነውና ሰነዱን ቀድደህ ግባ።

ለሠርግና ለተዝካር በሬ ለመጣል የምንበደረውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ዘመድ እንዳያማን ብለን ለሦስት ቀን ድግስ የሦስት ዓመት ዕዳ እንገባለን፤ ሙት የሚጠቀመው በጸሎቱና ለነዳያን በተሰጠው እንጂ በተራረፈው ጠላ እንዳልሆነ አባቶች ደጋግመው አስተምረውናል።

ስለዚህ ከአባቶች ፈቃድ አግኝቼ ዛሬ አንድ ነገር እንድናደርግ እጠይቃለሁ። ንጉሡ ኢዮአስ በነገሠበት ዘመን ካህኑ ዮዳሄ የሣጥኑን ክዳን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው፤ በሞላም ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ቆጠሩት። የእኛም ሙዳየ ምጽዋት ይኸው ከፊታችሁ ነው፤ የዓመቱ የገቢና የወጪ መዝገብ ከነደረሰኙ ከጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ማንበብ የፈለገ ሁሉ ከእናቶች ጀምሮ ተራ በተራ ይመልከት። ቁልፉን የያዛችሁት ሦስታችሁ፣ አንድ ካህን፣ አንድ ከሰበካ ጉባኤው፣ አንድ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ።