ቢራ በኤሌክትሪክ መጥመቅ፦ ጅማ ላይ ከየት ይጀመራል?

(ምስል፦ ጅማ ከተማ፤ ከዚያ ባዶ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ቆጣሪ)

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ቪዲዮ ጅማ ላይ አነስተኛ የቢራ መጥመቂያ ለመክፈት ላሰባችሁ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የመቀቀያውን ታንከር ዋጋ ነው። እኔ ግን ታንከሩን ከማዘዛችሁ በፊት ቆጣሪያችሁን እዩ እላለሁ። የምትገዙትን ዕቃ የሚወስነው ወደ ግቢያችሁ የሚገባው መስመር ነው።

በቁጥር እንየው። 500 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ 43 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 24 ኪሎዋት ኤለመንት፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ሆኖ የሚያሞቀው ብረት፣ ካላችሁ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 24 ኪሎዋት ማለት ስድስት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ባንዴ ማብራት ነው። በሲንግል ፌዝ፣ ማለትም ኃይል በሚያመጣ አንድ ገመድ፣ 220 ቮልት ላይ ከሞከራችሁት 109 አምፔር ይስባል፤ ጭራሽ አይታሰብም። በስሪ ፌዝ፣ ማለትም ኃይሉ በሦስት ገመድ ሲከፋፈል፣ ግን በየፌዙ 36 አምፔር ብቻ ነው። ስሪ ፌዝ ቆጣሪ ከሌላችሁ ከሁሉ በፊት እሱን አመልክቱ።

(ምስል፦ ስድስት ኤለመንቶች፣ ሁለት ሁለቱ በየፌዙ)

አሁን ወደ ገመዱ። ባለ 4 ኪሎዋት ስድስት ኤለመንት አለን እንበል። በየፌዙ ሁለት ሁለት ይታሰራሉ፣ ሌላው ጫፋቸው ኒውትራል ላይ፣ ማለትም በመመለሻው ገመድ ላይ። እዚህ ጋ ጥንቃቄ! ኤለመንቱ ላይ 220 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ በሁለት ፌዝ መሃል እንዳይታሰር። እዚያ ያለው 380 ቮልት ነው። ኃይሉ ሦስት እጥፍ ይሆንና ኤለመንቱ ይቃጠላል። ኤሌክትሪሺያናችሁ ጎበዝ ቢሆንም ጽሑፉን ራሳችሁ አንብቡት።

ግራውንድ (የመሬት ገመድ) እና 30 ሚሊአምፔር የሊኬጅ ብሬከር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያጠፋ ብሬከር፣ የግድ ናቸው። ወለሉ ሁሌም እርጥብ ነው፣ ታንከሩ ብረት ነው፣ የሚሠራው ሰው እጁ ውሃ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ የሚያስብ ሰው ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል። የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ደግሞ ከእንፋሎቱ አርቁት።

(ምስል፦ የመቆጣጠሪያው ቁጥር 94 ላይ ቆሞ፣ አረፋው ወደ አፉ ሲወጣ)

ይሄ ቦታ በደንብ ይታይልኝ። ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መቆጣጠሪያውን 100 ላይ ብታደርጉት መቼም አይደርስም። ኤለመንቱም በሙሉ ኃይሉ መቀጠሉን አይተውም፣ የብቅሉ ጭማቂ ገንፍሎ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ሲፈላ በዲግሪ ሳይሆን በኃይሉ ፐርሰንት ተቆጣጠሩት። መፍላት ሲጀምር ወደ 60 ወይም 70 ፐርሰንት አውርዱና አረፋውን እያያችሁ አስተካክሉ። በ94 ዲግሪ የሆፕስ፣ ማለትም ቢራን የሚያመርረው አበባ፣ ምሬት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ወይ ሆፕስ ጨመር አድርጉ፣ ወይ የሚፈላበትን ጊዜ አርዝሙት። ብቅሉ ከሙቅ ውሃ ጋር የሚቆይበት ከ65 እስከ 67 ዲግሪ ግን ከፍታ አይለውጠውም።

ኤለመንት ስትመርጡ ኃይሉ ሰፊ ገላ ላይ የተበተነውን ምረጡ። አጭርና ኃይለኛው ጭማቂውን ያሳርረዋል፣ የአረረ ጣዕም ደግሞ ከቢራ አይወጣም። ኤለመንቱ ከውሃ ውጭ ከበራ ወዲያው ይበላሻል። ውሃው ሲያንስ ኤለመንቱን የሚያጠፋ ፍሎት (ተንሳፋፊ ማጥፊያ) አስገቡ።

መብራት ሲሄድስ? ጄኔሬተር ለኤለመንቱ አትግዙ፣ በጣም ትልቅ ይሆንባችኋል። ለማቀዝቀዣውና ለፓምፑ የሚበቃ ይበቃችኋል። መፍላቱ ቢቋረጥ መብራት ሲመለስ ይቀጥላል፤ በመብላላት ላይ ያለ ቢራ ከሞቀ ግን ጣዕሙ ይበላሻል። መብራት ሲመለስ ኤለመንቱ በራሱ እንዳይበራ ኮንታክተሩ፣ ማለትም ኤለመንቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ በእጅ ተነክቶ የሚነሳ ይሁን። ቮልቴጁ ከ380 ወደ 340 ቢወርድ ደግሞ 24 ኪሎዋቱ 19 ገደማ ይሆናል። የማሞቂያ ሰዓታችሁን ስትይዙ ይሄንንም አስቡ።

(ምስል፦ ክላምፕ ሜትር በገመዱ ላይ)

የመጀመሪያው ሙከራ በንጹህ ውሃ ብቻ ይሁን። ታንከሩን ሙሉ፣ የሊኬጅ ብሬከሩን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫኑ፣ ከዚያ አብሩ። በክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ገመዱን አቅፎ አምፔር በሚለካው መሣሪያ፣ ሦስቱንም ፌዝ ለኩ። ሁሉም 36 አካባቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ግማሽ ካሳየ እዚያ ፌዝ ላይ አንድ ኤለመንት አልበራም ማለት ነው፤ ብሬከሩን አጥፍታችሁ መጀመሪያ ማሰሪያውን ፈትሹ።