ክሬዲቱን የሚከፍለው ማን ነው?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን እዚሁ ሜሪላንድ የምትማር አንዲት ልጅ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የሁለተኛ ዓመት የቢዝነስ ተማሪ ናት። ለሰመር ኢንተርንሺፕ፣ ተማሪ ልምድ የሚያገኝበት ጊዜያዊ ሥራ፣ አግኝታለች። "ደመወዝ የለውም፣ ግን የኮሌጅ ክሬዲት ታገኚበታለሽ አሉኝ፤ ልቀበል ወይ?" ነው ጥያቄዋ። ክሬዲት ማለት ለመመረቅ የሚቆጠርላችሁ የኮርስ ነጥብ ነው። ልጽፍላት ጀመርኩና ረዘመብኝ፣ ስለዚህ እዚሁ ላውራው።

እኔም ያንኑ ቃል ሰምቻለሁ። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ በተዛወርኩበት ዓመት ነው፣ ትምህርቴ አካውንቲንግ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ትንሽ ድርጅት "የምንከፍልሽ የለንም፣ ክሬዲት ግን ታገኛለሽ" አለኝ። እኔ ደግሞ ክሬዲቱን እነሱ የሚሰጡኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ክሬዲት የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በነፃ አይሰጥም፤ እንደማንኛውም ኮርስ ትመዘገባላችሁ፣ በየክሬዲቱ ትከፍላላችሁ፣ ሰመር ላይ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ለብቻው ነው የሚመጣው። የ3 ክሬዲቱን የከፈለችልኝ እናቴ ናት። እቁብ ደርሷት ነበር፣ ከዚያ ላይ አንስታ ሰጠችኝ። እንግዲህ አስቡት፣ ሰመሩን ሙሉ እየሠራሁ፣ ለመሥራቴ የከፈልነው እኛው ነን።

ከዚያ በላይ ያንገበገበኝ በኋላ የመጣው ነው። ሴሚስተሩ ሲጀመር አድቫይዘሬ ጋ ሄድኩ። ስክሪኗን ወደ እኔ አዞረችና "ይሄ የተቆጠረው በነፃ ምርጫ ኮርስ ነው፣ አንቺ ደግሞ ነፃ ምርጫሽን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይዘሽ በመጣሽው ሞልተሽዋል" አለችኝ። ትራንስክሪፕቴ ላይ አለ፣ ለመመረቅ ግን አንድም ኮርስ አልቀነሰልኝም። የዚያን ቀን ማታ እማዬ "እንዴት ነው ታዲያ?" ስትለኝ "ጥሩ ነው" ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። የነገርኳት ከዓመት በኋላ ነው።

ሕጉን በኋላ አነበብኩት። ፎክስ ሰርችላይት የሚባለውን የፊልም ኩባንያ ኢንተርኖቹ በ2011 ከሰውት ነበር፣ ሳይከፈለን ሠራን ብለው። በ2015 ኒው ዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት መታየት ያለበት በግንኙነቱ ይበልጥ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ነው አለ፣ በ2018 ደግሞ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ያንኑ መለኪያ ተቀበለ። የሚታዩት ነጥቦች 7 ናቸው። ሥራው ከትምህርቱ ጋር መያያዙ፣ ለምሳሌ ክሬዲት ማስገኘቱ፣ አንዱ ነው። ግን አንዱ ብቻ ነው! "ክሬዲት ታገኛለሽ" ማለት ብቻውን ከደመወዝ ነፃ አያወጣም። ሌላው ነጥብ ኢንተርኑ የሚከፈለውን ሠራተኛ ቦታ ይዞ እንደሆነ ነው። እኔን ያስቀመጡኝ ሥራ በለቀቀች ሠራተኛ ወንበር ላይ ነው። ጠዋት እገባለሁ፣ ደረሰኝ ከካርቶን አወጣለሁ፣ ኮምፒዩተር ላይ አስገባለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ለምን ይህ ወጪ እዚህ እንደሚመዘገብ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ይሄን ስል ክሬዲት አትውሰዱ ማለቴ አይደለም። ሁለተኛውን ስነግራችሁ ይገባችኋል።

በቀጣዩ ዓመት የጸደይ ሴሚስተር ቪታ ገባሁ። ቪታ አይአርኤስ፣ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ የሚደግፈው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ታክስ በነፃ የሚሠራበት የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ነው። ፈተና አልፋችሁ ነው የምትሠሩት። ዩኒቨርሲቲዬ ለአካውንቲንግ ተማሪ በ3 ክሬዲት ይቆጥረው ነበር፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ደግሞ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ወጥ ክፍያ ስለሆነ የሚከፍል፣ ተጨማሪ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ትልቅ ሴት መጡ። ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ። ወረቀታቸውን በፌስታል አድርገው ሁለቴ ቋጥረውታል። አማርኛ መናገሬን ሲሰሙ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። ሁለት ደብልዩ-ቱ (አሠሪ የሚሰጠው የዓመት ደመወዝ ወረቀት)፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ ከሥር ደግሞ የሁለት የልጅ ልጆቻቸው የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ። ልጆቹ እሳቸው ጋ መኖር ከጀመሩ ዓመታት አልፏል። ሌላ ቦታ ያሠሩትን ያለፈውን ዓመት ፋይል ሳየው ግን ልጆቹ የሉበትም። ማን አብሮዎት ይኖራል ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ልጆቹ ሲገቡ ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኛ የሚሰጠው ኧርንድ ኢንካም ታክስ ክሬዲት ከፍ ይላል፣ ያለፈውንም በ3 ዓመት ውስጥ አስተካክሎ መጠየቅ ይቻላል። የሠራሁትን ሌላ ሰው ደግሞ አየው፤ እዚያ ሁለተኛ ሰው ሳያየው አይላክም። ቁጥሩን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ "የኔ ልጅ፣ እስቲ ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩላቸው።

የሴሚስተሩ ሪፖርቴ፣ ስማቸውን ሳላነሳ፣ ስለዚያች ፌስታል ነበር። መምህሬ አንብቦ ጠራኝና "የመጀመሪያው ሰው ያላየውን አንቺ እንዴት አየሽው?" አለኝ። ቪታ የሚያስሞላው ቅጽ አስገድዶኝ ስለጠየቅኋቸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ያንን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ዛሬ አዲስ ደንበኛ ፊት ስቀመጥ የምጠይቀው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ክሬዲት ሲባል እኔ የሚገባኝ ይሄ ነው። ሥራውን ሠርታችሁ ስትመለሱ ለምን ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ሰዓቱንም አስሉ። የፌዴራሉ መለኪያ ለ1 ክሬዲት በሴሚስተር 45 ሰዓት ገደማ ይመጣል፤ ስለዚህ 3 ክሬዲት 135 ሰዓት አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ቦታ ከዚያ እጥፍ ሠርቻለሁ። ሲፒኤ፣ ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ፣ ለመሆን የምታስቡ ደግሞ፣ አብዛኛው ስቴት ለረጅም ጊዜ 150 ክሬዲት ሲጠይቅ ነው የኖረው፣ ዲግሪው ግን 120 ነው፤ እዚያ ላይ የኢንተርንሺፕ ክሬዲት ሊጠቅም ይችላል፣ የስቴታችሁን ቦርድ ጠይቁ። በኤፍ-ዋን፣ በተማሪ ቪዛ፣ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ፣ ሲፒቲ፣ ማለትም እየተማሩ በሙያ የመሥራት ፈቃድ፣ ሳይፈቀድላችሁ አንድ ቀን እንኳ እንዳትጀምሩ። በሙሉ ጊዜ ሲፒቲ 12 ወር ከሞላችሁ ደግሞ በዚያው የዲግሪ ደረጃ ኦፒቲ፣ ብዙውን ጊዜ ከምረቃ በኋላ የሚወሰደው የሥራ ፈቃድ፣ አይኖራችሁም።

እንግዲህ እህቴ፣ ገና አትፈርሚ። ሰኞ አድቫይዘርሽ ጋ ሂጂና ይሄ ክሬዲት ከዲግሪዬ ውስጥ የትኛውን ቦታ ነው የሚሞላው በያት፣ መልሷን በኢሜይል ጻፊልኝ በያት። ድርጅቱን ደግሞ ክሬዲቱንም ደመወዙንም አብሮ መስጠት ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ ይቻላል፣ መጠየቅ ነውር የለውም። ምን እንዳሉሽ ማክሰኞ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ፣ ከሥራ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ማታ በ6 እወጣለሁ።